አይጥ ሳስታምም

ኢስሊ፣ ካዮሌ፣ ካኩማ፣ ካምፓላ፣ ጁባ ያላችሁ፣ እንዲሁም አልፎላችሁ ማዶ ተሻግራችሁ በመኝታ ሰዓታችሁ የምታነቡኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ማንዴት ወረቀትም፣ ስለ ራሽንም፣ ስለ አፈሳም አልጽፍም። እሱን ሐሙስ እመለስበታለሁ። የዛሬው ስለ አንዲት አሮጊት አይጥ ነው። ይረዝማል፤ ሻይ አፍሉ።

አሁን የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም በውስጥ መስመር "እህት፣ ሰው ካምፕ ውስጥ እየተራበ አንቺ አይጥ ትቀልቢያለሽ የሚባለው እውነት ነው ወይ?" ብሎ ጽፎልኛል። በቅንነት ይሁን በነገር አላውቅም፤ ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። እውነት ነው። ቀልቤያለሁ፣ አስታምሜያለሁም። ሒሳቡን ለሚፈልግ፦ አይጥ በቀን የምትበላው ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። አንድ ኪሎ አጃ ብቻዋን ብትበላው ከስድስት ወር በላይ ይቆያታል። ካኩማ ላይ ራሽን የተቀነሰው በዱቄት ምክንያት አይደለም። ዱቄት ስሟ ነው።

ያሳደጋት የጎረቤቴ ልጅ ነው። በ2023 መጀመሪያ፣ ልጁ ገና 8 ዓመቱ ሳለ፣ አባቱ መንገድ ዳር ጥንቸልና እርግብ ከሚሸጥ ሰው ሁለት ትናንሽ ነጫጭ አይጦች በካርቶን ይዞለት ገባ። እናትየው ሁለት ቀን ሙሉ ባሏን አላናገረችውም። አይፈረድባትም። እኛ አገር ለአይጥ ወጥመድ ይገዛላታል እንጂ ስም አይወጣላትም። የምንተርትባትም ሞቷን ስትሻ ሄዳ የድመት አፍንጫ ታሸታለች እያልን ነው። ልጁ ግን አንዷን ዱቄት፣ ሌላዋን ስኳር ብሎ ሰየማቸው። እናቱ በሦስተኛው ቀን አፏን ስትከፍት የመጀመሪያ ንግግሯ "በል እንግዲህ ዘይትም ጨምርና ራሽኑ ይሙላ" የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ተለመዱ። ሁለቱም ሴቶች ስለነበሩ አልተዋጉም፣ አልተዋለዱምም። ሻጩ በዚህ እንኳ እውነቱን ነው።

ስኳር በሁለተኛው ዓመቷ ሞተች። ዱቄት ብቻዋን ቀረች። ከዚያ በዲሴምበር 2024 የቤተሰቡ በረራ ወጣ። ያን ሌሊት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሻንጣው፣ ኪሎው፣ ድስቱን ለማን እንስጥ፣ ፍራሹን ማን ይውሰድ፣ ያ የአይኦኤም ከረጢት፣ ለቅሶው። አይጥ በዚያ ከረጢት አትሄድም። ልጁ የፕላስቲክ ሳጥኑን አቅፎ በሬ ላይ ቆመ። ክዳኑን አባቱ ቆርጦ ወንፊት ሽቦ ገጥሞለታል። ከሳጥኑ ጋር ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠኝ። ሕጉ ሁሉ እዚያ ላይ አለ፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በስዋሂሊ፣ የመጨረሻው መስመር በአማርኛ፦ "እሑድ እሑድ ሚዛን።"

"እትዬ፣ አንቺም ስትመጪ ይዘሻት ትመጫለሽ አይደል?" አለኝ።

"አይጥ አውሮፕላን ላይ አያሳፍሩም የኔ ጌታ።"

"እሺ፣ እስክትመጪ ድረስ ጠብቂልኝ።"

እስክትመጪ ያለው በዋዛ አልነበረም። የኔም ኬዝ አልፎ፣ ሜዲካል ጨርሼ፣ የቀረኝ በረራ ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን ስታቆም ስንቶቻችን የታሰረ ሻንጣ መልሰን እንደፈታን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሜዲካሉ ጊዜ አለፈ። እኔና አይጧ ቀረን።

የአይጥ ዕድሜ ደህና ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ሦስትን የምታይ ጥቂት ናት። ልቧ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይመታል። የኛ አንድ ኬዝ ከመጀመሪያው ኢንተርቪው እስከ በረራ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ አይጥ ተወልዳ፣ ጎልምሳ፣ አርጅታ ትሞታለች። የአንዳንዶቻችን ኬዝ ደግሞ የልጅ ልጇንም ይቀብራል።

ማርጀቷን ያየሁት በፌብሯሪ ነው። ሚዛኑ ነው ያየው ብል ይሻላል። በርበሬና ሽሮ አሽጌ እንደምሸጥ የምታውቁ ደንበኞቼ አትደንግጡ፤ ለእሷ የተገዛ ሌላ ትንሽ ሚዛን ነው፣ የምትመዘንበት ኩባያም የራሷ ነው። ልጁ ሲሰጠኝ 31 ግራም ነበረች። በፌብሯሪ መጨረሻ 27 ሆነች። እንደ ወትሮዋ ትበላለች፣ ሳጥኑን ስከፍት ብቅ ትላለች፣ ጺሟን ታርገበግባለች። በዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዳች ነገር አለባት አልልም ነበር።

ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ይህ የአይጥ ጠባይ ነው። የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። ድመቱም ጭልፊቱም መርጦ የሚያነሳው የሚያነክሰውን ስለሆነ፣ አይጥ ጉልበቷ እስኪያልቅ ድረስ ደህና መስላ ትውላለች። ጀርባዋን በጣት ስትዳስሱ አጥንቷ እንደ መቁጠሪያ የሚቆጠር ከሆነ፣ ፀጉሯን ማበጠር ትታ ከተንጨባረረች፣ ጎብጣ ጥግ ከያዘች፣ ሕመሙ የጀመረው ያን ዕለት አይደለም። ቀድሞ የሚያውቀው በየሳምንቱ የሚመዝናት ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ጠባይ የማያውቅ ስደተኛ ማን አለ? ለአከራይ ደህና፣ ለሐኪም ደህና፣ አገር ቤት ላለች እናት ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚያነክስ መስሎ ላለመታየት። እዚሁ ሰፈራችን የስኳር በሽታውን ለሦስት ዓመት ደብቆ፣ እግሩ ቆስሎ አላስኬድ ሲለው ያወቅንለት ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ያነበዋል፣ አሁን መድኃኒቱን በሰዓቱ እንደሚወስድም አውቃለሁ።

እሑድ እኛ ጋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ረፋድ ነው። ልጁ የሚደውለው ያኔ ነው። የመጀመሪያ ቃሉ "ስንት ግራም?" ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። 27 በሆነችበት ሳምንት፣ እሑድ ከመድረሱ በፊት ቅዳሜ ለእናቱ ነገርኳት። ወዲያው ቮይስ ላከችልኝ።

"እህቴ በእናትሽ፣ ደህና ናት በይልኝ። ልጁ ትምህርት ቤቱን አልለመደም፣ ጓደኛ የለውም፣ ማታ ማታ ያለቅሳል። 31 ናት ብትዪው ማን ይጎዳል? ስትሞትም ለሌላ ልጅ ሰጠቻት እንለዋለን።"

እናትነቷን አልነቅፍም፤ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም። ግን ቮይሱን ደግሜ ስሰማው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ገጽ ላይ ጽፌው አላውቅም።

አባቴ ያረፈው በጥር ነው። እኔ የሰማሁት በሰኔ። በመካከሉ ስደውል "ተኝቷል" ይሉኛል፣ "ጸበል ወርዷል" ይሉኛል፣ "ስልኩ አይሰማለትም" ይሉኛል። ለመድኃኒቱ ብዬ ሦስት ጊዜ ገንዘብ ልኬያለሁ። ወንድሜ ተቀብሎታል፤ አልቀበልም ቢል ምን ምክንያት ይሰጠኛል? ለተዝካሩ አዋሉት፣ ኋላ ነገሩኝ። በሰኔ አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ሀበሻ በዚያ ሰዓት ለሌላ ጉዳይ በር አይመታም።

የቤተሰቦቼን ልብ አውቀዋለሁ። "ብቻዋን ናት፣ ሰው የላት፣ ደንግጣ ትወድቅብናለች" ብለው ነው፤ በፍቅር ነው። ሞቱን ስለደበቁኝ ይቅር ብያቸዋለሁ። የሚከብደኝ ሕመሙን መደበቃቸው ነው። ሕመሙ የጠናበት ከኅዳር ጀምሮ ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር አባቴ ይሰማ ነበር፣ ይናገርም ነበር። የምነግረው ነገር ነበረኝ፤ የምጠይቀውም። እኔ ግን በነዚያ ሁለት ወራት ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዝናቡ ነበር የማወራለት፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ።

ስለዚህ ለልጁ እናት እንዲህ አልኳት፦ "የኔ እመቤት፣ አልዋሸውም። ካልፈለግሽ ስልኩን አላነሳም። ካነሳሁና ከጠየቀኝ ግን ቁጥሩን እነግረዋለሁ።" መልስ አልሰጠችኝም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች።

እሑድ ልጁ ደወለ። "ስንት ግራም?"

"27። ቀንሳለች። እያረጀች ነው መሰለኝ።"

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ውኃው ከፍ ብሎባት ይሆናል፤ ዝቅ አድርጊላት" አለኝ።

አላለቀሰም አልላችሁም። እናቱ ኋላ እንደነገረችኝ ማታውን አልቅሷል። በማግስቱ ግን ትምህርት ቤት ሄዶ ከቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ስለ አይጥ የሚያወራ መጽሐፍ ለመነ። እዚያ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ አፉን ሞልቶ ከትልቅ ሰው ጋር ሲነጋገር የመጀመሪያው ነበር። ኩርፊያው የቀረው ይህን ያወራችልኝ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን የምናስተዳድረው ሁለት ሆነን ነው። እሱ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ውኃዋን ከተንጠለጠለው ጠርሙስ አውርጄ በጠፍጣፋ ክዳን አደረግሁላት፤ እንዳትነከርበት መሐሉ ላይ ጠጠር አስቀመጥሁ። ውኃ ብትሰንፍ ብዬ የኪያር ቁራጭ እጨምርላታለሁ። የኋላ እግሯ ስለደከመ መወጣጫ እንጨቷን አወጣሁት፤ ሁሉ ነገር አንድ ወለል ላይ ሆነ። አጃውን በሞቀ ውኃ አርሼ፣ የተቀቀለ እንቁላል ጥፍር የምታህል፣ አንዳንዴም ጨውም ቅቤም ያልነካው ቅንጬ እሰጣት ነበር። ቅንጬውን ስትበላ ሁለት እጇን አጣምራ ነው፤ ጸሎት የምታደርስ ባልቴት ትመስላለች። ጠንካራውን እህል ግን ጨርሶ አልተውነውም፤ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ የምትፈጨው ነገር ያስፈልጋታል። ሰውነቷን ማጽዳት ሲያቅታት ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ጠረግኋት። መጀመሪያ ተቆጣች። ኋላ ጀርባዋን ራሷ ትሰጠኝ ጀመር።

በአፕሪል ትንፋሿ ድምፅ አወጣ። ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋት እንደ ግድግዳ ሰዓት ጢቅ ጢቅ ይላል። እንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድሁ። ወረፋው ላይ አንድ ትልቅ ውሻ፣ ሁለት ድመትና ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ አሉ። ሰዉ ሁሉ አንዴ ሳጥኔን፣ አንዴ ድመቶቹን ያያል። ሐኪሙ ወጣት ነው። ክዳኑን ሲከፍት "ፓንያ?" ብሎ ሳቀ፤ ግን እጁን ታጥቦ መጣ። "ስም?" አለኝ። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ማንዴቴን ከቦርሳዬ መዘዝሁ። "ያንቺን አይደለም፣ የሷን" አለኝ።

"ዱቄት።"

"ምን ማለት ነው?"

"ኡንጋ።"

ካርዱ ላይ ጻፈው። ስምንት ዓመት ናይሮቢ ስኖር ስሜን አስተካክሎ የጻፈ ቢሮ ጥቂት ነው፤ የሷን በአንድ ጊዜ አገኘው።

የነገረኝን ላካፍላችሁ፤ እንስሳ ያላችሁ ይጠቅማችኋል። ማይኮፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ በብዙ አይጦች ሳንባ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተደብቆ ይኖራል። ሲያረጁ፣ ሲበርዳቸው፣ አየሩ ሲታፈን ይነሣል። መድኃኒቱ ያስታግሳል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም። ለሰው የተገዛ ክኒን በግምት ሸርፎ መስጠት ደግሞ መግደል ነው አለኝ፤ በክብደቷ ለክቶ ያዘዘልኝ አንዲት ጠብታ ነበረች። ከዚያ ሳጥኑን አሸተተ። ውስጡ ያነጠፍሁት ከአናጢ ቤት የሚመጣውን ሰጋቱራ ነበር፤ የጥድ እንጨት ሽታው ለኛ ደስ ይላል፣ ለሷ ሳንባ ግን ይከብዳል። ሽንቷ ሲጠራቀም የሚወጣው አሞኒያም እንዲሁ። እርጥቡን ጥግ በየቀኑ አንሺ፣ መኝታዋን ግን ሁሉንም በአንዴ አትቀይሪባት፣ የራሷ ጠረን ሲጠፋ ትሸበራለች አለኝ። ይህን ሲለኝ ከአገር ስወጣ የያዝኩትና ለዓመት ያላጠብኩት የእናቴ ጋቢ ትዝ አለኝ።

በሰጋቱራው ምትክ ወረቀት በቀጫጭኑ መቅደድ ጀመርሁ። ወረቀት ደግሞ ቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። ቀኑ ያለፈበት የቀጠሮ ፎቶ ኮፒ ስምንት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። ዱቄት የ2019 ቀጠሮዬን አንጥፋ የ2021ን ለብሳ ተኛች። ለልጁ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። አባቱ አይቶ "በመጨረሻ ጥቅም ላይ ዋለ" አለ።

ጁን ሲገባ ብርዱ መጣ። ናይሮቢን ሞቃት አፍሪካ የሚላት ሰው ጁላይ ላይ በቆርቆሮ ቤት ይደር። አይጥ ሳትንቀጠቀጥ የሚመቻት ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ግን 11ና 12 ይወርዳል። ሁለት ቢሆኑ ተቃቅፈው ይሞቁ ነበር፤ ስኳር የለችም። የሶዳ ጠርሙስ ላይ ሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ ካልሲ አልብሼ፣ በአንድ በኩል ብቻ አስቀምጥላታለሁ፤ ሲበዛባት እንድትሸሽ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚቀዘቅዝ ተነስቼ እቀይራለሁ። ለዚህ ለምን እንደተነሳሁ ራሴንም የጠየቅሁባቸው ሌሊቶች አሉ። መልስ አላገኘሁም፤ ውኃው ሲፈላ ተኛሁ።

ጎረቤቴ ሶማሊት ናት። ጂኮው ሌሊት ሌሊት ሲጫር ሰምታ ጠዋት "ቤትሽ ማን ታመመ?" አለችኝ በስዋሂሊ። "አሮጊት አለችኝ" አልኳት፤ ማስረዳቱ ደክሞኝ። ማታ የግመል ወተት ይዛ መጣች፣ ለአሮጊቷ። ሳጥኑን ሳሳያት ጮኻ በሩ ድረስ ሸሸች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወተቱን ግን አልመለሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ኒያንያ እንዴት አደረች?" ትለኛለች። ኒያንያ አያት ማለት ነው፣ ስዋሂሊ ለማታውቁ።

በጁላይ ሁለተኛ ሳምንት 19 ግራም ገባች። ሐኪሙ ሦስት ነገር ጠብቂ ብሎኝ ነበር፦ የምትወደውን ምግብ እምቢ ስትል፣ ጎኗ እንደ ወናፍ እየተመታ ስትተነፍስ፣ ስትነኪያት ዞር ብላ ማየት ስትተው። ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ሞሉ። ተሸክሜያት ሄድሁ። "ለጥቂት ቀን ልትቆይ ትችላለች፣ ግን አየር እየተናነቃት ነው" አለኝ። "በሚያስተኛ ትንፋሽ አስተኝቼ በመርፌ ላሳርፋት እችላለሁ።"

"የኔ አይደለችም፤ ባለቤቷን መጠየቅ አለብኝ" አልሁት።

"የት ነው ያለው?"

"አሜሪካ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"10።"

ሳቅ ቢጤ አየሁበት፤ ተወው። ቅዳሜ ጠዋት ብሎ ጻፈልኝ።

ማታ ደወልሁ። ስልኩን ያነሳችው እናትየው ነበረች። ስነግራት "ኧረ ተዪ፣ ነፍስ ነው። በሰጣት ጊዜ ትሂድ እንጂ እኛ ምን ቤት ነን" አለችኝ። እኔም ከዚህ እምነት ውጪ አይደለሁም፤ እስከ አሁንም ልቤ ሁለት ነው። እዚህ ላይ የሚወቅሰኝ ቢኖር አልከራከረውም። ተነጋገርን፣ ዝም አልን፣ እንደገና ተነጋገርን። በመጨረሻ "እንግዲህ አንቺው አስለምደሽዋል፤ ራሱ ይስማው" ብላ ሰጠችው።

"ያማታል?" አለኝ።

"ትንፋሽ ያጥራታል። አዎ፣ የሚያማት ይመስለኛል።"

"ይሻላታል?"

"አይሻላትም።"

"እንቁላሉንም እምቢ አለች?"

"እምቢ አለች።"

ከኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል። ቆየ። "እሺ፣ ቅዳሜ ይሁን" አለ። "እኔ ግን ማየት አልፈልግም። እስከ ቅዳሜ ጠርሙሱን ቶሎ ቶሎ ቀይሪላት።"

ሐሙስና ዓርብ ሌሊት ሁለት ሁለት ጊዜ ቀየርሁ። ቅዳሜ ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ማታቱ ተሳፈርሁ። ብዙም አልቆየም። ሐኪሙ ግማሹን ብቻ አስከፈለኝ። በኪራይ ቤት አፈር የለም፤ ጣሪያው ላይ ያለው የእሬት ማሰሮዬ ውስጥ፣ በ2021 ቀጠሮዬ ጠቅልዬ ቀበርኋት። ጎረቤቴ መጥታ ከጎኔ ቆመች። አልሳቀችም።

ለልጁ ደወልሁ። ስንት ግራም ነበረች አለ። 18 አልሁት። ጠርሙሱ ሞቆ ነበር አለ። ሞቆ ነበር። "እሺ" ብሎ ስልኩን ለእናቱ ሰጠና ሄደ።

እሷ ብዙ አልተናገረችም። ልንሰነባበት ስንል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ አገር ቤት ያለችው እናቴ ደህና ናት ይሉኛል" አለችኝ። "ስደውል ተኝታለች ይሉኛል። የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።" የማውቀው አልነበረኝም። ሰኞ ለታላቅ እህቷ ደወልሁ። ለሃያ ደቂቃ ያህል "ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች" ስትለኝ ቆየች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ የተባለው የነሱ ነው፣ እኔ ልጽፈው አይገባም። አሁን በየቀኑ በቪዲዮ እንደሚገናኙ ብቻ ልንገራችሁ፤ ይህንንም ፈቅዳልኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጁ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ደወለ። የሚመዘን ነገር አልነበረንም፤ ሁለታችንም ምን እንደምንል ጠፋን።

"እትዬ፣ የተረፈውን አጃ ምን አደረግሽው?"

"በላሁት።"

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሲስቅ የሰማሁት። ከዚያ "አንቺስ ስንት ነሽ?" አለኝ።

"ምን ስንት?"

"ሚዛን።"

የበርበሬ ጆንያ የምመዝንበት ሚዛን ላይ ወጥቼ ነገርሁት። ከጃንዋሪ ወዲህ 6 ኪሎ ቀንሻለሁ።